አባቴ ከፎቶው ዳር

እኛ አገር መጥፎ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። ቢኖርም ለአንሺው ፊት ለፊት የሚነግረው አይገኝም። አንስቼ፣ አሳጥቤ፣ ወስጄ እሰጣለሁ። ተቀባዩ በሁለት እጁ ተቀብሎ መጀመሪያ ራሱን ይፈልጋል። ራሱን ካገኘ "እጅሽ ይባረክ" ይለኛል። ዓይኑን እንደጨፈነ ወይም ግንባሩ ተቆርጦ ካገኘውም "እጅሽ ይባረክ" ይለኛል። በዚህ ምርቃት ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ የሰው ግንባር ስቆርጥ እኖር ነበር።

ከዚህ ያወጣኝ አንድ የተደባለቀ ፖስታ ነው። ጊዜው የዲጂታል ካሜራ ስሙ እንጂ ራሱ አምቦ ያልደረሰበት ጊዜ ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ትንሽ ጥቁር ካሜራ ነበረችኝ፣ ፊልም የምትበላ። ቀለም ፊልም በደንብ የሚታጠበው አዲስ አበባ ነው ብለን ስለምናምን ፊልሞቻችንን ለአውቶቡስ ረዳት እንሰጠዋለን፤ ረዳቱም የታጠበውን አምጥቶ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያስቀምጥልናል። የሱቁ ባለቤት ራሳቸው ካሜራ ነበራቸው። አምቦ ተወልደው ያደጉ፣ ከእኔ በብዙ የሚበልጡ፣ ሁሉን ሰው የሚመርቁ ነጋዴ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሦስተኛው ፎቶ አንሺ ጉደር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነው። በእኛ በኩል ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ እሱም ዶክተር ይባላል፤ እኔንም ሁለቱም ቲቸር ነው የሚሉኝ።

አንድ ቀን የሦስታችን ፊልም በአንድ ፖስታ ተቀላቅሎ መጣ። ሱቁ ውስጥ ባንኮኒው ላይ ዘርግተን ስንለይ፣ አንድ በግ ያቀፈ ሰው ፎቶ አገኘን። በጉ ከቀንዱ እስከ ላቱ ሙሉ ነው። ሰውየው ከአንገቱ በላይ የለም።

"የማን ነው?" አልኩ።

ሦስታችንም የእኛ አይደለም አልን። ባለቤት የሌለው ፎቶ ደግሞ እንደ ልብ ይታማል። ዶክተሩ በጉ መታወቂያ ሊያወጣበት ይችላል አለ። እኔ፣ አንሺው ትንሽ ወደ ኋላ ቢል ወይም ካሜራውን ቀና ቢያደርገው ኖሮ ሰውየው ራሱን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር አልኩ። ነጋዴው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ፎቶውን አንስተው ኪሳቸው ከተቱና፣ "የእህቴ ባል ነው፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት" አሉ። አላፈሩም። "እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝ" ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረግነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ነጋዴው ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ዶክተሩ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ከየቤተ ክርስቲያናቸው ሲመለሱ፣ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ግቢ እንገናኛለን። ፎቶዎቹን እንደ ካርታ እናደባልቃቸዋለን፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው የአምቦ ውሃ ጠርሙስ እየጫንን ጠረጴዛው ላይ እንዘረጋቸዋለን። የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የነጋዴው ፎቶ ላይ ሁልጊዜ የነጋዴው ልጆች አሉ። ግን እንዳላወቅን ሆነን እናወራለን። አንሺው አፉን ይዘጋል። "እጅ ይባረክ" ማለት ክልክል ነው፤ ያመለጠው ሰው የሁሉንም ሻይ ይጋብዛል። እኔ ነኝ ይህን ሕግ ያወጣሁት። በዚህ ሕግ ብዙ ሻይ ጠጥተናል፤ ሁሉም በነጋዴው ሒሳብ።

መሣሪያችንን የሰጡን ግን እሳቸው ናቸው። ጣቃ የሚጠቀለልበትን ወፍራም ካርቶን ቆርጠው፣ እንደ መስኮት ጥግ የታጠፉ ሁለት ቁራጮች ሠሩልን። ማዕዘን እንላቸው ነበር። ሁለቱን ማዕዘኖች ፎቶው ላይ ገጥመን እናጠብባቸዋለን፣ እናሰፋቸዋለን፣ አንዱን ጎን ሸፍነን ሌላውን እንገልጣለን። ዶክተሩ ሳይናገር ማዕዘኖቹን ያንቀሳቅሳል፤ የሚበዛው ነገር ከካርቶኑ ስር ገብቶ ሲጠፋ ሰው በገዛ ዓይኑ ያያል። ማስረዳት አያስፈልገውም።

እኔ እንደሱ አይደለሁም። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ያየሁትን ሳልናገር አላድርም። አንድ እሁድ የሙሽራ ፎቶ ወጣና፣ "ከሙሽሪት ራስ ላይ የመብራት ምሰሶ በቅሏል፤ ማን ተከለው?" አልኩ።

"እኔ አልተከልኩትም!" አሉ ነጋዴው፤ የማን ፎቶ እንደሆነ በዚያው ታወቀ።

"ቲቸር" አለኝ ዶክተሩ፣ "ቀይ እስክሪብቶሽን ትምህርት ቤት ትተሽ ነይ። ምን እንደተበላሸ እሳቸውም ያዩታል። የት ቢቆሙ ይሻል እንደነበር ንገሪያቸው።"

ተናደድኩ። ተናድጄም ፎቶውን እንደገና አየሁት። ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ቢቆሙ ምሰሶው ከሙሽራው ትከሻ ጀርባ ይገባ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ያነሱት ፎቶ ላይ ከማንም ራስ ላይ ምሰሶ አልበቀለም። እውነቱን ለመናገር፣ ክፍል ውስጥም ተማሪዎቼን የማርምበት መንገድ ከዚያ በኋላ ተቀየረ። ከጥፋቱ ይልቅ መቆሚያውን መናገር የሚሠራ ነገር ነው፤ ይህን ዛሬም ለማንም አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

የእኔ ተራ ሲሆን ግን የሚወጣብኝ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ዳር ያለውን ሰው ትቆርጪያለሽ። እኔ አልቆርጥም እላለሁ። አፍሽን ዝጊ ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ እሁድ ዶክተሩ የእኔን ፎቶዎች ብቻ ለይቶ በተርታ ደረደረና በየአንዳንዱ ጠርዝ ላይ ጣቱን አስቀመጠ።

"ይሄ ግማሽ ሰው ማነው?" አለ። "ሁሉም ላይ አለ።"

አባቴ ነበር።

አባቴ በእጃጂ፣ በባኮ፣ በመጨረሻም በጉደር የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኖ ዕድሜውን ሰልፍ ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚያሰልፈው ሲያጣ በየሠርጉና በየዓመት በዓሉ ፎቶ የሚነሳውን ሰው ያሰልፍ ጀመር። "ኢጆሌ! ጠጋ ጠጋ! አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ! እዚህ ጋ ክፍተት አለ፣ ግቡበት!" ይላል፤ ኢጆሌ ልጆች ማለት ነው፣ ለእሱ ሰማንያ ዓመት የሞላውም ልጅ ነው። ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ረጃጅም እግሮቹን አንስቶ ይሮጥና የሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ዳር ይቆማል። "በቃ፣ አንሺ" ይለኛል። ፎቶው ሲመጣ አባቴ አንድ ጆሮ፣ አንድ እጅና ግማሽ ኮት ሆኖ ይገኛል።

በዚያ ዓመት የፋሲካን ፎቶ ስሰጠው መነጽሩን አድርጎ ራሱን ፈለገ። ትከሻውን አገኘ። እጅሽ ይባረክ አላለኝም።

"ከእንግዲህ እኔን ተይኝ" አለኝ። "በእህትሽ ሠርግ አሰልፍላችኋለሁ። እኔ ግን አልገባም።"

በቀልድ የተናገረው መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ታናሽ እህቴ በጥር ልታገባ፣ ባልዋን ተከትላ ባኮ ልትገባ ነው። ይህን ስትሰማ ጉደር ድረስ አስጠርታኝ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም። ከአባቷ ጋር የተነሳችው ፎቶ አንድም የላትም፤ ግማሹ ብቻ ነው ያላት። "ሳሎኔ ላይ የምሰቅለው አባቴን ነው፣ ክንዱን አይደለም" አለችኝ። "እንደምንም ብለሽ አስገቢልኝ።"

ስለዚህ ዶክተሩ ጣቱን አባቴ ላይ ሲያስቀምጥ ነገሩ የፎቶ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ካሜራዬ ቀዳዳ ውስጥ ሳይ አባቴ ሙሉ ነበር፤ እምላለሁ፣ ሙሉ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ቤቴ መስኮት ጋ ቆሜ ኔጋቲቮቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳኋቸው። ጥቁር ኮቱ ነጭ ሆኖ፣ ሁለት ጆሮና ሁለት እጅ ያለው አባቴ በየፊልሙ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ለካ የፎቶ ቤቱ ማሽን ወረቀት ላይ ሲያትም ከየጎኑ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፤ የሚቀነሰውም ዳር ያለው ሰው ነው።

እሁድ ሻይ ቤት የገባሁት እንደ አሸናፊ ነው። ኔጋቲቮቹን ወደ ፀሐይ ያዝኩላቸው።

"እጅሽ ይባረክ!" አሉ ነጋዴው፤ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሻይ ታዘዘ።

ዶክተሩ ኔጋቲቩን ዓይኑ ጋ አስጠግቶ ብዙ ቆየ። "እውነትሽን ነው፤ አልቆረጥሽውም" አለ። "ሙሉውን አትሙልኝ ብትያቸውም ያትሙልሻል። ያኔም ግን አባትሽ ዳር ነው ያለው።"

"ራሱ ነው ዳር የሚቆመው! እኔ ምን ላድርግ?"

"ካሜራው በማን እጅ ነው?"

ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ሄድኩ። በማግስቱ አባቴ ቤት፣ ጉደር፣ በአውቶቡስ ስሄድ ግን የማስበው ይህንኑ ነበር። ለነጋዴው የት እንደሚቆሙ ነግሬ ምሰሶ አስነቅያለሁ። ለአባቴ የት እንደሚቆም አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። አባትን፣ ያውም ዲሬክተር የነበረን፣ እዚህ ቁም ብሎ የሚያዝ ልጅ ከየት ይመጣል? ቁጭ ብድግ ብዬ ብለምነውም፣ አንድ ጊዜ አልገባም ካለ እንደማይገባ አውቃለሁ። ሌላ ነገር ያስፈልግ ነበር። ጉደር ሳልደርስ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። አባቴ ብዙ ነገር ይታገሳል፤ ሰልፍ ላይ ክፍተት ሲያይ ግን መቀመጥ አይችልም።

የሠርጉ ዕለት እህቴን ወደ ጎን ወስጄ፣ "ፎቶ ስንነሳ በግራሽ በኩል አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ያዢ" አልኳት። "ማንም ቢመጣ እንዳትለቂ።"

አባቴ ሁለቱን ቤተ ዘመዶች ግቢው ውስጥ አጥሩን አስደግፎ አሰለፈ። የወንዱ ወገኖች ከባኮ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ የሰልፉን ሥርዓት ስለማያውቁ ላብ እስኪያጠምቀው ደከመባቸው። አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ። ሁሉንም አስተካክሎ ዞር ብሎ ሲያይ ከሙሽሪት ጎን ባዶ ቦታ አለ። እህቴ ቬሎዋን እዚያ ላይ ዘርግታ ቆማለች።

"እዚህ ጋ ክፍተት አለ! ጠጋ በሉ!"

ማንም ንቅንቅ አላለም። እህቴ የአክስታችንን እጅ ጨምድዳ ይዛለች። አባቴ አጎቴን ትከሻውን ይዞ ገፋ አድርጎ ወደ ክፍተቱ ላከው።

እኔ ካሜራውን ከዓይኔ አወረድኩ። "አጎቴ አይሆንም" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "አጭር ነው። ይሄ ቦታ ረጅም ሰው ነው የሚፈልገው።"

አማቾቹ ዞረው አዩኝ። አክስቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። አባቴም አየኝ፤ ነገሩ እንደገባው ከፊቱ አወቅሁ። እንግዶቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፣ ሙሽራው ከረባቱ አንቆታል፣ ከሰልፉ መካከል ደግሞ እንደወለቀ ጥርስ የሚታይ ክፍተት አለ። በሕይወት ዘመኑ አንድም ሰልፍ ክፍተት እያለበት ያላሳለፈ ሰው ነው።

ግንባሩን ጠረገ። ኮቱን ቆለፈ። ሄዶ ገባ።

ከገባም በኋላ እንደ ልማዱ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ነበር፤ ለሌላው ለመመቸት። "አባዬ፣ ቀና በል" አልኩት። ቀና አለ። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ጀርባዬ የጎረቤቱን አጥር እስኪነካ፤ ማሽኑ ሲቀንስ የሚቀንሰው ባዶ ሜዳ እንዲሆን ከሁለቱም ዳር ሰፊ ቦታ ተውኩ። እህቴ ወደ ሌንሱ አይደለም ያየችው፤ ቀና ብላ አባቷን ነው። ያኔ ነው ያነሳሁት። ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን ለማለት የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ፎቶው ሲመጣ አባቴ ለማየት አምቦ ድረስ መጣ። እሁድ ስለነበር ሻይ ቤት ይዤው ሄድኩ። ነጋዴው ብድግ ብለው፣ "ኦቦ ዲሬክተር፣ ግማሽዎትን ስናውቅ ኖረን ዛሬ ሙሉውን አገኘን" ብለው አቀፉት። ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ነጋዴው ምርቃቱ እንዳያመልጣቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል። ዶክተሩ ማዕዘኖቹን ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ አንቀሳቀሰ። በስተግራ ከአጥሩ ስር የተረሳች ቢጫ ጀሪካን ነበረች፤ እሷን ሸፈናት። ከዚያ ማዕዘኖቹን አነሳና፣ "ሌላ የምነካው የለም" አለ። ከእሱ አፍ ይህ መውጣቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠርሙሱን አንስቼ ውሃ ጠጣሁ።

አባቴ ማዕዘኖቹ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀ። የሚበዛውን ሸፍነን እናይባቸዋለን አልኩት። ተቀብሎ ፎቶው ላይ ገጠማቸው። አላጠበባቸውም። አንዱን ማዕዘን በቀኝ በኩል ገፋ፣ ገፋ፣ ከፎቶው ጠርዝ አልፎ ጠረጴዛው ላይ አወጣው። በፎቶውና በካርቶኑ መካከል ባዶ ጣውላ ታየ።

"አባባ፣ ወጣብዎት እኮ" አለ ዶክተሩ።

"አልወጣብኝም" አለ አባቴ። ባዶውን ጣውላ በጣቱ መታ መታ አደረገው። "እዚህ ጋ ክፍተት አለ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እስቲ አልበሙን ሁሉ አገላብጪ። እኔስ ግማሽም ቢሆን አለሁ። አንቺ የት ነሽ?"

ስለ ፎቶዎቼ ብዙ ተብዬ አውቃለሁ። ይህን ያለኝ ግን አልነበረም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ማን እንደጎደለ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው።

ነጋዴው ካሜራዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። "በሉ ጠጋ በሉ፣ አባትና ልጅ" አሉ። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ መሀል ለመሀል አስቀመጠኝና እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ነጋዴው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ወደ ፊት መጡ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ካሜራውን አዘነበሉት፣ ቀና አደረጉት፣ አነሱ።

ያ ፎቶ ሲመጣ እንደ ደንቡ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ወጣ። አባቴም ከጉደር መጥቶ አብሮን ተቀምጧል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እሁድ አይቀርም ነበር። ከፊት ለፊት አንድ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ እንደ ሐውልት ቆሟል። መሀል ላይ አባቴ አለ፣ ሙሉ፣ ቀና ብሎ፣ እየሳቀ። ዳር ላይ ደግሞ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉትቻና ግማሽ ሹራብ አለ።

አባቴ መነጽሩን ገፋ አድርጎ አየው፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። "አሁን የእኔ ልጅ መሆንሽ ታወቀ" አለ። እስኪያስለው ሳቀ።

ነጋዴው ፍርዳቸውን ሊቀበሉ ራሳቸውን ደፍተዋል። ዶክተሩ፣ ኔጋቲቩ ላይ ሙሉ ሳልሆን እንደማልቀር ነገረኝ፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ኔጋቲቩን አንድም ቀን ወደ ብርሃን አንስቼ አላየሁትም። ጠርሙሱን ትንሽ ወደ ጎን፣ ካሜራውን ትንሽ ወደ ግራ የሚለው ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ማዕዘኖቹን አነሳሁና ምንም ሳልነካ መልሼ አስቀመጥኳቸው።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "እጅዎ ይባረክ።"

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ አስተናጋጇን በእጁ ጠራት።

"አራት ሻይ" አላት፤ "በቲቸር ሒሳብ።"